የላፕቶፑ ሁለተኛ ዲስክ እየጠፋ ሲመለስ፦ የ2003ቱን የቺፕሴት ብልሽት እንዴት እንለየው?

ባለፈው ክረምት አንድ መምህር ከቢቸና ደብረ ማርቆስ ድረስ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ዝናብ እንዳይነካው በሁለት ፌስታል ጠቅልሎታል። «ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ የለም» አለኝ። እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ቦታ አሳይቷል። አንዱ ፎርማት አደረገለት። ሌላው «ዲስኩ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» ብሎ መለሰው። ዲስኩ ላይ ደግሞ የልጁ የክርስትና ፎቶ አለ። ሌላ ቦታ አልተቀመጠም።

ዲስኩን አውጥቼ በዩኤስቢ ሰካሁት። ፎቶው ሁሉ አንድ በአንድ ተከፈተ። ዲስኩ ጤነኛ ነበር። የታመመው የተሰካበት ፖርት ማለትም መሰኪያ ነው። ፖርቱን የሚያስተዳድረው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ቺፕሴት የሚባል ቺፕ ነው፤ በ2003 ብልሽት የተገኘበት እሱ ነው።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያሉ ላፕቶፖች ዛሬም በእጃችን ስላሉ ነው። ከማርቆስ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር፣ ተማሪውም መምህሩም ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛል። ጤነኛ ዲስክ ሲጣል፣ ፎቶና ሰነድ ያለበት ዲስክ ሲፎርማት ማየት ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ፦ የእናንተን ላፕቶፕ ይመለከታል?

የፕሮሰሰሩን ስም እዩ። ማይ ኮምፒውተር ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ በሉ። አይ3፣ አይ5 ወይም አይ7 ከሚለው ቀጥሎ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር በ2 የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ አይ5-2410ኤም፣ ሁለተኛው ትውልድ ነው። ማንበባችሁን ቀጥሉ። በ3 ወይም ከዚያ በላይ የሚጀምር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይሄ ጣጣ አይነካችሁም፤ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ምልክቱ

ዲቪዲው ከማይ ኮምፒውተር ይጠፋል፤ ሪስታርት ሲደረግ ይመለሳል። ወይም በዲቪዲው ቦታ በካዲ (በዲስክ መያዣ ፍሬም) የገባው ሁለተኛ ዲስክ ፋይል ሲገለበጥ መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ፍጥነቱ ይወርዳል። ከወር ወር ይብስበታል እንጂ አይሻለውም።

ላፕቶፑ ጨርሶ አልነሳ ካለ፣ ስክሪኑ ከጨለመ፣ ቻርጅ ካላደረገ ወይም በጣም ከጋለ፣ ይህ ብልሽት ያንን አያደርግም። «ቺፕሴቱ ነው፣ ማዘርቦርድ ይቀየር» የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁት።

ምክንያቱ

የቺፕሴቱ አምራች ኢንቴል ችግሩን ይፋ ያደረገው ጥር 23 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 31 ቀን 2011። ቺፕሴቱ ኩገር ፖይንት ይባላል። በላፕቶፕ ላይ ኤችኤም65፣ ኤችኤም67 እና ኪውኤም67 በሚሉ ስሞች ታገኙታላችሁ። ሃርድ ዲስክና ዲቪዲ የሚሰኩባቸው እስከ ስድስት የሚደርሱ የሳታ ፖርቶች ያስተናግዳል። ቁጥራቸው ከ0 ይጀምርና 5 ላይ ያበቃል። 0 እና 1 ፈጣኖቹ ናቸው፤ በሰከንድ 6 ጊጋቢት። ከ2 እስከ 5 ያሉት በ3 ጊጋቢት ይሠራሉ።

ብልሽቱ ያለው በእነዚህ ባለ 3 ጊጋቢቶቹ ላይ ብቻ ነው። ሰዓት በሚሰጣቸው ሰርኪዩት ውስጥ አንዲት ትራንዚስተር አለች። መከለያዋ ከሚገባው በላይ ቀጭን ነው፤ የሚደርሳት ቮልቴጅ ደግሞ ከፍ ያለ። እንደሚያዥ እንስራ ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ይሾልክባታል። ከጊዜ በኋላ ፖርቶቹ መሳሳት ይጀምራሉ። የሚገርመው፣ ትራንዚስተሯ ከቀድሞ ንድፍ የቀረች እንጂ ለሥራው የምታስፈልግ አልነበረችም። ኢንቴል መፍትሄ ያደረገው ኃይሉን ከእሷ መቁረጥ ነው። ለጥገናና ለቅያሪ ያስወጣኛል ብሎ የገመተው ግን 700 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የተበላሸው የቺፕሴቱ ዕትም ቢ2 ይባላል፤ የታረመው ቢ3።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ፖርት 0 እና 1 ጤነኞች ናቸው። በአብዛኛው ላፕቶፕ ዊንዶውስ ያለበት ዋናው ዲስክ የሚሰካው እዚያ ነው። በዚህ የተነሳ በሁለቱ ፖርቶች ብቻ የሚጠቀሙ ላፕቶፖች በቢ2ም ቢሆን መሸጣቸውን ቀጥለው ነበር።

ማጣሪያው

ኢንተርኔት አያስፈልግም። ዲቫይስ ማኔጀር ክፈቱ። «አይዲኢ አታ/አታፒ ኮንትሮለርስ» ከሚለው ሥር የሳታ ኮንትሮለሩን ሁለቴ ክሊክ አድርጉ። ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሃርድዌር አይዲስ። በረጅሙ መስመር መጨረሻ «ሬቭ» (ዕትም ማለት ነው) ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 05 ከሆነ የታረመው ቢ3 ነው፤ ከቺፕሴቱ ጋር ጉዳይ የላችሁም። 04 ከሆነ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። ቀጣዩ ጥያቄ ዲስኩ የት ፖርት ላይ ነው የሚለው ነው።

እዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የተጠረጠረውን ዲስክ ወይም ዲቪዲ ክፈቱ። ጀነራል የሚለው ገጽ ላይ ሎኬሽን የሚል አለ። የባስ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የፖርቱ ቁጥር ነው። ባዮስ ውስጥም፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ፣ «ሳታ ፖርት» ብሎ የሚያሳይ አለ። ሊነክስ የምትጠቀሙ ዲሜሴጅ የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡ አታ1 ማለት ፖርት 0፣ አታ3 ማለት ፖርት 2 ነው። 0 ወይም 1 ላይ ሆኖ የሚያስቸግር ዲስክ ካለ ጥፋቱ የዚህ ብልሽት አይደለም።

አሁን ዲስኩን ራሱን መርምሩ። ይህችን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘላታል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማምነው እሷን ነው። የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ክፈቱ። 05 እና ሲ5 የሚሉት መስመሮች ላይ ጥሬ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነና እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው፤ ዛሬውኑ ገልብጡ። እነሱ ዜሮ ሆነው ሲ7 የሚለው ብቻ እየጨመረ ከሆነ ግን ችግሩ መንገዱ ላይ ነው፤ ፖርት ወይም ኬብል። የመምህሩ ዲስክ እንዲህ ነበር። ኢቨንት ቪወር የሚባለው የዊንዶውስ የስህተት መዝገብ ማሳያም ያግዛል። በሲስተም መዝገብ ላይ 7 ቁጥር የተበላሸ ቦታ ዲስኩ ላይ አለ ማለት ነው። 11 እና 129 ደጋግመው ከመጡ ወደ ኮንትሮለሩና ወደ መስመሩ ያመለክታሉ።

ለዲቪዲ ከሁሉ በፊት ሌንሱን ጥረጉ። በበጋ የመንገዳችን አቧራ የማይገባበት የለም። ድራይቩ ማይ ኮምፒውተር ላይ እየታየ ሲዲ ማንበብ ብቻ ካቃተው፣ ሌንሱ እንጂ ፖርቱ አይደለም።

መፍትሄው

ፎርማት አይፈታውም። ባዮስ ማደስም፣ ድራይቨር መቀየርም አይፈቱትም። ሶፍትዌር ያቺን ትራንዚስተር አይነካትም።

የሚያዋጣው ቦታ መቀየር ነው። የምትሳሱለት ፋይል ያለበት ዲስክ በዋናው ቦታ ይሁን። ብዙዎቻችን ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ አዲስ ገዝተን ዋናው ቦታ እናስገባና፣ ፎቶና ሰነድ የሞላውን አሮጌ ዲስክ በካዲ ወደ ዲቪዲው ቦታ እንገፋዋለን። በቢ2 ላፕቶፕ ላይ ይህ ንብረታችንን ወስደን የታመመው ፖርት ላይ ማስቀመጥ ነው። ከሁለት ትንንሽ ዲስኮች ይልቅ አንድ ሰፋ ያለ ኤስኤስዲ ይሻላል። አሮጌው ዲስክ የዩኤስቢ ቤት ይገዛለት። ዲቪዲ ለሚያስፈልገው የዩኤስቢ ዲቪዲ አለ።

ማዘርቦርድ መቀየርን በዚህ ዕድሜ ላለ ላፕቶፕ አልመክርም። የግድ ከሆነ አዲሱ ቢ3 መሆኑን ሳታዩ አትክፈሉ።

ያገለገለ ልትገዙ ስትሄዱ ዳታ ያለው ዲቪዲ ያዙ። ከዲቪዲው ወደ ዴስክቶፕ ትልቅ ፋይል ገልብጡ። እየተገለበጠ ሬቩን አንብቡ። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

የመምህሩን ፎቶዎች በዋናው ቦታ ወዳለው ኤስኤስዲ ገለበጥኩለት። ቅጂውን ደግሞ በፍላሽ ሰጠሁት። አሮጌውን ዲስክ የዩኤስቢ ቤት ውስጥ አስገባሁት። ካዲውን ባዶውን መልሼ ሰካሁት፣ በቀዳዳው አቧራ እንዳይገባ። እሱም በሁለቱ ፌስታል መልሶ ጠቀለለውና ወደ መናኸሪያ ወጣ።