ፕላስ ሜዝ ላይ ውጤት ሲበላሽ፦ የፀረ ጭንቀት ተክል ሙከራ ችግርና መፍትሄ

ጤና አዳምም ይሁን ዳማ ከሴ፣ ኤክስትራክቱ (ከተክሉ በፈሳሽ ተነጥሮ የወጣው) ጭንቀት ይቀንስ እንደሆነ በአይጥ የሚፈተነው በፕላስ ሜዝ ነው፤ ይህም ከመሬት ከፍ ያለ፣ ሁለት ክፍትና ሁለት ባለ ግድግዳ (ዝግ) ክንዶች ያሉት የመስቀል ቅርጽ መድረክ ሲሆን፣ ጭንቀቱ የቀነሰ አይጥ ክፍት ክንዶቹ ላይ ብዙ ይቆያል። መጀመሪያ የሚታየው የዲያዜፓም (ለማነጻጸሪያ የሚሰጥ የታወቀ የጭንቀት መድኃኒት) ቡድን ነው። እሱ ካልሠራ ስለ ተክሉ ምንም መናገር አይቻልም።

ዲያዜፓም የወሰዱት አይጦች ከቪሂክሉ (መድኃኒት የሌለበት ማሟሚያ ብቻ ከተሰጠው) ቡድን አይለዩም

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ሲሪንጁ ውስጥ ነው። ዲያዜፓም ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ አምፑሉ በኖርማል ሳላይን ሲቀጠን ይደፈርስና ይዘቅጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የተወጋውና መጨረሻ የተወጋው አይጥ እኩል ዶዝ አያገኙም።

ከአምፑሉ (10 ሚ.ግ በ2 ሚ.ሊ) 0.2 ሚ.ሊ ቀድታችሁ በ9.8 ሚ.ሊ የ2% ትዊን 80 (ማሟሚያ) ውስጥ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ቀላቅሉ። በሚሊ ሊትር 0.1 ሚ.ግ ይሆናል። 25 ግራም ለሚመዝን አይጥ 0.25 ሚ.ሊ ሆዱ ላይ ሲወጋ በኪሎ 1 ሚ.ግ ማለት ነው። በዕለቱ አዘጋጁ፣ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ነቅንቁ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ፈትኑ።

መርፌው ትክክል ከሆነ አይጦቹ ከዚህ በፊት ሜዙን አይተው እንደሆነ አጣሩ። አንዴ የገባበት አይጥ በሁለተኛው ዙር ለዲያዜፓም እምብዛም ምላሽ አይሰጥም። አይጥ ለመቆጠብ ብሎ መድገም ሁለቱንም ዙር ያስከስራል፤ ለአንድ አይጥ አንድ ጊዜ፣ 5 ደቂቃ ብቻ።

ቪሂክል የወሰዱትም ጭምር ዝግ ክንድ ውስጥ ተወሽቀው ይቀራሉ

ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነችው ጎንደር የረፋድ ፀሐይ በመስኮት ሲገባ አንዱን ክፍት ክንድ ብቻ ያበራዋል። መጋረጃ ዝጉ፤ ሁለቱም ክፍት ክንዶች ላይ ብርሃኑ ደብዛዛና እኩል መሆኑን በሉክስ ሜትር ለኩ። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ፣ ማለትም ከጥር 10 እስከ 12፣ ሙከራ አትያዙ፤ ድምፅ ማጉያውና ሆታው ግድግዳ አልፎ ይገባል።

አያያዝም ወሳኝ ነው። በጭራው ተንጠልጥሎ የመጣ አይጥ ገና ሳይፈተን ተጨንቋል፤ በመዳፍ ወይም በቱቦ አንሱት። ክፍሉን እንዲለምድ አንድ ሰዓት ስጡት። ከእያንዳንዱ አይጥ በኋላ ሜዙን በ70% አልኮል ጥረጉ፣ ሽታው እስኪጠፋም ጠብቁ።

በክፍት ክንድ የቆየበት ጊዜ ጨምሯል፣ ጠቅላላ የመግባት ቁጥር ግን ወርዷል

ይህን ለማሳተም አትቸኩሉ። አይጡ ፍርሃቱ ቀርቶለት ሳይሆን ደንዝዞ ክፍት ክንድ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። የዝግ ክንድ መግቢያ ቁጥሩን ከቪሂክሉ ጋር አስተያዩ፤ ከወረደ በሌሎች አይጦች ኦፕን ፊልድ (በክፍት ሳጥን ውስጥ እንቅስቃሴ የሚለካበት) እና ሮታሮድ (በሚሽከረከር ዘንግ ላይ የመቆየት ፈተና) ሥሩ። ከሮታሮዱ ቶሎ ቶሎ የሚወድቁ ከሆነ የኤክስትራክቱን ዶዝ ከ400 ወደ 200፣ ከዚያም ወደ 100 ሚ.ግ በኪሎ ውረዱ።

ለሁለተኛ ጊዜ የተዘጋጀው ኤክስትራክት አልሠራም

መብራት ሲጠፋ ሮታሪው (ማሟሚያውን የሚያተነው መሣሪያ) ይቆምና ሜታኖል (ኤክስትራክቱ የወጣበት ፈሳሽ) ሳይወጣ ይቀራል፤ ሜታኖሉ ራሱ አይጡን ያፈዛል። ለማካካስ ኦቨን ውስጥ ሲጨመር ደግሞ ሽታ ያላቸው ተክሎች ዘይታቸው ይተናል። ከ40 ዲግሪ ሳታልፉ፣ በሁለት ተከታታይ ሚዛን ክብደቱ እስኪጸና አድርቁ። ዘይቱን ለማጥናት ከሆነ ቅጠሉን በእንፋሎት አጣርታችሁ ለብቻው ፈትኑት።