የሚያፈስ ኦይል ኩለር ስትቀይሩ እነዚህን አታድርጉ

ሰሞኑን አንድ ወጣት መካኒክ በጭንቀት ደወለልኝ። የያዘው መኪና በአየር የሚቀዘቅዝ አሮጌ ፖርሽ 911 ነው። ሥራው ከባድ አልነበረም። ቀኝ የፊት ፓራፋንጎ ውስጥ ያለው ኦይል ኩለር፣ ማለትም የሞተር ዘይት ማቀዝቀዣው፣ ያፈሳል፤ እሱን አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው። ችግሩ፣ ኩለሩን ሊያወጣ ሲታገል ቴርሞስታቱን፣ ዘይቱ ሲሞቅ ወደ ኩለሩ መንገድ የሚከፍትለትን ዕቃ፣ አበላሸው። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። የቱ እንደሚያፈስ ሳታረጋግጡ ኩለር አትግዙ። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ይበትነዋል። ከቱቦ መጋጠሚያ የወጣች ጠብታ ኩለሩን በሙሉ ቀብታው ታገኟታላችሁ። አካባቢውን አጥባችሁ አድርቁ፤ የሕፃናት ፓውደር ነስንሱበት። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ በእጅ ባትሪ እዩ። ፓውደሩ መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ ላይ ነው ችግሩ።

አሁን ወደ ቴርሞስታቱ። የ911 ሞተር ከኋላ ነው፤ ይህ ኩለር ደግሞ ከፊት። እ.ኤ.አ. በ1969 ሞዴል 911 ኤስ ላይ ከገባ ጀምሮ ዘይቱ በመኪናው ቀኝ ጎን ሥር በተዘረጉ ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች ይመላለሳል። ቱቦዎቹ የሚነሱት ከቀኝ የኋላ ጎማ አጠገብ ካለው ቴርሞስታት ነው። ቦታው ጎማው የሚረጨውን ውሃና ጭቃ ሁሉ የሚቀበል ነው። የቴርሞስታቱ አካል አልሙኒየም፣ የቱቦው ዳዶ ደግሞ ሌላ ብረት ነው። በዓመታት ብዛት ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ።

ወጣቱ የኩለሩ በኩል አልፈታ ሲለው ቱቦውን ከነኩለሩ ላውጣ ብሎ ወደ ቴርሞስታቱ ዞረ። 36 ቁጥር ኪያቤ ገጠመ። እምቢ ሲለው የኪያቤው እጀታ ላይ ማርዘሚያ ብረት ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። ዳዶው ዞረ። ደስ አለው። ግን የዞረው ዳዶ የአልሙኒየሙን ጥርስ፣ ዳዶው የሚጠብቅበትን ጠመዝማዛ፣ ይዞ ነበር።

ስሜቱን አውቀዋለሁ፤ እኔም በጀማሪነቴ አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ ጭው የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ዳዶው ከሚገባው በላይ ይቀልላል። ሲወጣ ውስጡን ስታዩ፣ ብርማ ቀጭን ሽቦ የመሰለ ነገር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ያ ሽቦ የቴርሞስታቱ ጥርስ ነው። ያን ቀን አለቃዬ ምንም አልተናገረኝም። ዝምታው እስካሁን አልወጣልኝም።

እባካችሁ እንዲህ አድርጉ። ከሥራው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ደጋግማችሁ ርጩበት። ስትፈቱ ሁልጊዜ ሁለት ኪያቤ ያዙ፤ አንዱ ይፈታል፣ ሌላው ቴርሞስታቱን ወይም ኩለሩን እንዳይጠመዘዝ ይይዛል። አሁንም እምቢ ካለ ጉልበት አትጨምሩ። ቱቦውን ሠዉት። ዳዶውን በግራይንደር ከላይ ወደ ታች ሰንጥቁት፤ ጥርሱ ጋ ሳትደርሱ አቁሙና የቀረውን ስስ ብረት በመሮ ክፈቱት። ግራይንደር ከማስነሳታችሁ በፊት በዘይት የራሰ ጨርቅና ቤንዚን አርቁ፤ ክፍት አፎችን ሁሉ ድፈኑ። ቱቦ ይተካል። ቴርሞስታቱ ግን እንደ ቱቦው በቀላሉ አይገኝም።

አዲሱን ስትገጥሙም ያው ነው። የኩለሩ አንገት ስስ ነው። ያለ ሁለተኛ ኪያቤ ካጠበቃችሁት ብየዳው ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጠርና ከወር በኋላ አዲሱ ኩለር ማንጠባጠብ ይጀምራል። ዳዶውን መጀመሪያ በጣታችሁ አስገቡት። ቴፍሎን አትጠቅልሉ፤ ቁራጩ ከዘይቱ ጋር ይሄዳል።

ኩለሩ የሚያርፍባቸውን ያረጁ ላስቲኮችም አትመልሱ።

ሞተሩ ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንጎች የሚሽከረከሩበትን ስስ ብረት) በልቶ ከነበረ ደግሞ አሮጌውን ኩለር አጥቦ መግጠም አይታሰብ። የብረት ብናኙ በቀጫጭን ቱቦዎቹ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ምን ያህል ብታጥቡት ሁሉም ወጣ ማለት አትችሉም። ከዚያ አንድ ቀን ተላቆ አዲሱን ብሮንዚን ይበላዋል።

የመጨረሻው ስህተት ሥራው አለቀ ሲባል የሚመጣ ነው። ሞተሩን አስነስተው አምስት ደቂቃ ያዩታል፤ ጠብታ የለም፤ መኪናውን ያስረክባሉ። ቴርሞስታቱ ግን ዘይቱ ከ80 ዲግሪ ትንሽ እስኪያልፍ ድረስ መንገዱን ለፊተኛው ኩለር ሙሉ በሙሉ አይከፍትም። ስለዚህ የፈተሹት ገና ዘይት በደንብ ያልደረሰበትን ኩለር ነው። መጀመሪያ የካንዴላውን እሳትም ቤንዚኑንም አቋርጣችሁ፣ የዘይት ግፊት እስኪታይ ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ አዙሩት። ከዚያ አስነሱና በትዕግሥት አሙቁት። ወደ ፊት የሚሄደውን ቱቦ በየጊዜው ነካ አድርጉ። ቴርሞስታቱ ሲከፍት ቀዝቃዛ የነበረው ቱቦ መሞቅ ይጀምራል። ያኔ ዘይቱ ኩለሩን ስለሚሞላ መጠኑ ይወርዳል። የዘይቱን መጠን የምትለኩትም ሞተሩ ሞቆ፣ ሳይጠፋ፣ ሜዳ ቦታ ላይ ነው። በቀዝቃዛው ለክቶ የሞላ ሰው አብዝቶ ይሞላል፤ ትርፉ ወደ አየር ማስገቢያው ይሄድና መኪናው ጭስ በጭስ ይሆናል።

የወጣቱን መኪና አብረን ጨረስነው። ሁለት ዳዶ ሰነጠቅን፤ ቴርሞስታቱ ተቀየረ። ወጣቱ አዲሱ ኩለር መጋጠሚያ ላይ ፓውደር ነሰነሰና ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ እጁን ቱቦው ላይ አድርጎ ጠበቀ። «ሞቀ፣ ጋሼ!» አለኝ። ዘይቱ ወረደ፤ ቀስ እያልን ጨመርን። ፓውደሩ እንደ ደረቀ ነበር።