የፌሬታችሁ ፀጉር እስኪረግፍ አትጠብቁ

አሜሪካ ውስጥ ፌሬት (ቀጭንና ረጅም፣ ስጋ በል የቤት እንስሳ) የሚያሳድግ ሰው ስለ አድሬናል እጢ በሽታ ሲሰማ ቶሎ የሚታየው መላጣ ጅራት ነው። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ፀጉሩ ከጅራቱና ከዳሌው ጀምሮ እየሳሳ ይሄዳል። ግን ፀጉራቸው ሳይነካ የሚታመሙም አሉ። የኔዋ እንደዚያ ነበረች። ሙሉ ፀጉር እያላት ከሞቀ እንቅልፏ ብድግ ብላ ትከሻዋን በኋላ እግሯ ትፎክት ነበር። ቁንጫ መስሎኝ መኝታዋን ስንቴ አጠብኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ሱቅ የሚሸጡት ፌሬቶች በአብዛኛው ገና በጥቂት ሳምንት ዕድሜያቸው የተኮላሹ ናቸው። አንጎል ግን የመራቢያ ሆርሞን አምጡ ማለቱን አያቆምም። ትእዛዙን የሚቀበል ሌላ ስለሌለ ኩላሊት አጠገብ ያሉት አድሬናል እጢዎች ይቀበሉትና እያበጡ የፆታ ሆርሞን ያመርታሉ። ብዙውን ጊዜ ከ3 ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው።

ሴት ከሆነች ገልብጣችሁ ብልቷን እዩ። የተኮላሸች ሴት ብልት የምስር ፍሬ እንኳ አያክልም። እንደ ባቄላ ካበጠና ከረጠበ ሐኪም ጋ ውሰዷት። በቀዶ ጥገናው የቀረ የእንቁላል እጢ ቁራጭም ይህንኑ ሊያመጣ ስለሚችል እሱንም አንሱለት።

ወንድ ከሆነ የሽንት ሳጥኑ ላይ ሲቀመጥ ቆማችሁ እዩት። የሽንት ቱቦውን የከበበው ፕሮስቴት የሚባለው እጢ ያብጥና የሽንት ቱቦውን ይጨፈልቀዋል። ቁጢጥ ብሎ ያምጣል፣ ሁለት ጠብታ ይወጣዋል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ብልቱን ይልሳል፣ አንዳንዴም ይጮኻል። ብዙ ሰው ሆድ ድርቀት ይመስለዋል። ሽንት ጭራሽ ካልወጣ ነገን አትጠብቁ፣ በዚያው ሌሊት ሐኪም ጋ ይድረስ። በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ፀባዩም ይናገራል። ተኮላሽቶ ረጋ ያለው ወንድ ድንገት የጓደኛውን ማጅራት ነክሶ መጎተት፣ ላዩ ላይ መውጣት፣ በየጥጉ መሽናት ከጀመረና ጠረኑ ከከረፋ አትቆጡት፣ ሆርሞኑ ነው።

ሆዱ ተንዘርጥጦ ጀርባው ከከሳ፣ ቆዳው ከሳሳ፣ ድዱ ከነጣ እነዚህንም ለሐኪሙ ተናገሩ። የድድ መንጣት ኤስትሮጅን የተባለው የፆታ ሆርሞን ደም የሚሰራውን የአጥንት መቅኔውን እየጎዳው እንደሆነ ሊያመለክት ይችላል። የኋላ እግሩ ከከዳው፣ ለሀጩ ከተዝረበረበ ወይም አፉን በእጁ ከቧጨረ ግን የደም ስኳሩ ወርዶ ይሆናል። ኢንሱሊኖማ የሚባለው ቆሽት ላይ የሚበቅል ዕባጭ (ቱመር) ከዚህ በሽታ ጋር አብሮ መምጣት ይወዳል።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። የጅራት ፀጉር ረግፎ በወራት ውስጥ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ዳነ ብላችሁ ስትተዉት በሚቀጥለው ዓመት ብሶበት ይመጣል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፣ ከላይ ፎቶ አንሱት።

ሐኪሙ ፌሬት የሚያውቅ ይሁን። ለውሻ የሚሰራው የኮርቲሶል ምርመራ እዚህ አይረዳም፣ የሚፈለገው የፆታ ሆርሞን የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ነው። ብዙዎች ከቆዳ ስር በምትቀበር፣ የፆታ ሆርሞኑን በምትቀንስ የዴስሎሬሊን መድኃኒት ፍሬ ይሻላቸዋል። ቀዶ ጥገናም አለ፤ የግራው እጢ ይቀላል፣ የቀኙ ትልቁ የደም ስር ላይ ተለጥፎ ስለሚገኝ ያስቸግራል።

የሌሊት ክሊኒኩን ደግሞ ዛሬውኑ ደውላችሁ ፌሬት ትቀበላላችሁ ወይ በሉ። ውሻና ድመት ብቻ የሚያዩ ብዙ ናቸው።