ፋኑ ዞረ ማለት ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው ማለት አይደለም

ጎንደር፣ ከማራኪ ግቢ ብዙም ሳልርቅ ጽሕፈትና ኮፒ እሠራለሁ። ሲገኝ ቪዲዮም አቀናብራለሁ። ቴክኒሻን አይደለሁም። ግን መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ከሚያኮርፍ ዴስክቶፕ ጋር ስታገል ስለኖርኩ ፓወር ሰፕላይ ላይ፣ ማለትም የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ በሚስማማው ቮልት ቀይሮ በሚያከፋፍለው ሳጥን ላይ፣ እጄን አፍታትቻለሁ። ከኪሴም ብዙ ወጥቷል።

አልነሣ ሲል

መጀመሪያ የማይረባ የሚመስለውን እዩ። ሶኬቱ መብራት አለው? የፓወር ሰፕላዩ የኋላ ማብሪያ በርቷል? ዲቫይደሩን ተዉትና ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ገመዱንም በሞኒተሩ ገመድ ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። "ሞተብኝ" ተብሎ ተሸክመውት መጥተው ሱቄ ሲደርስ እንደ ጉድ የሚነሣ ስንት ኮምፒውተር አይቻለሁ! የሞተው እቤት የቀረው ዲቫይደር ነበር።

አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማንሸራተቻ ሊኖረው ይችላል። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ድው ይላል፣ ይጨሳል፣ በቃ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ማንሸራተቻው ላይ ፕላስተር ለጥፉበት።

ቀጥሎ ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉና ሲፒዩውን (የኮምፒውተሩን ቀፎ) በካቻቢቴ ክፈቱ። ሃርድ ዲስኩን፣ ዲቪዲውን፣ ግራፊክስ ካርድ ካለም እሱን አላቁና ሞክሩት። ተነሣ? እንግዲያው ወይ ካላቀቃችኋቸው አንዱ ተበላሽቷል፣ ወይ ፓወር ሰፕላዩ ሁሉንም መሸከም አቅቶታል። አንድ በአንድ እየመለሳችሁ እዩት። ስትነቅሉም ስትመልሱም ገመዱ ከግድግዳ ይውጣ።

የክሊፕ ሙከራ፣ እኔን ጉድ የሠራኝ

ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ገመዱን ከግድግዳ ትነቅላላችሁ። ከማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ ከሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ትልቁን ባለ 24 ፒን ሶኬት ታወጣላችሁ። አረንጓዴውን ሽቦ ከአጠገቡ ካለው ጥቁር ጋር በተጣጠፈ የወረቀት ክሊፕ ታገናኛላችሁ። ከዚያ መብራት ትሰጡታላችሁ፤ ፋኑ ይዞራል። አረንጓዴው የማስነሻ መስመር ነው፤ ከጥቁሩ ጋር ሲገናኝ "ተነሥ" ማለት ነው። ሽቦዎቹ በሙሉ ጥቁር ከሆኑ በግምት አትንኩ፤ የሞዴሉን ሥዕል ፈልጉና ቆጥሩ።

ካልዞረ ሞቷል ለማለት ይቀርባል። ሁሌ ግን አይደለም። አንዳንዱ ምንም ሸክም ሳይኖረው አይነሣም፣ አንዳንድ አዲስ ደግሞ እስኪሞቅ ድረስ ፋኑን አያዞርም። ከዞረስ? እዚህ ላይ ነው የተሸወድኩት።

ጥር ነው፣ የጥምቀት ሰሞን። ፋሲለደስ መዋኛ የተቀረጸ ቪዲዮ አቀናብሬ ማስረከብ አለብኝ። ቆርጬ ቀጥዬ ጨርሼ "አውጣ" (ኤክስፖርት) ስለው፣ ሦስት አራት ደቂቃ ይሠራና ድርግም! ራሱ ጠፍቶ ራሱ ይነሣል። ደግሜ ስሞክር ያው ነው። የክሊፑን ሙከራ ሠራሁ፤ ፋኑ እንደ ወፍጮ ዞረ። "ፓወር ሰፕላዩ ነጻ ነው" ብዬ ፈረድኩና ፒያሳ ወርጄ ያገለገለ ማዘርቦርድ ገዛሁ። ሌሊቱን ስቀይር አደርኩ። ጠዋት "አውጣ" አልኩት። አራት ደቂቃ፣ ድርግም።

ኤሌክትሪክ የሚማር የጎረቤት ልጅ ቴስተሩን (ቮልት መለኪያውን) ይዞ መጣ። የመጀመሪያ ጥያቄው "ጋሼ፣ ሥራ ላይ እያለ ለክተውታል?" የሚል ነበር። አልለካሁትም። 12 ቮልት መስጠት ያለበት ቢጫው መስመር ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ 11.9 ቮልት አሳየ። ቪዲዮውን ስናስጀምር ግን ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ወረደ። 11.5፣ 11.2፣ 10.8። ከዚያ ጠፋ። ፓወር ሰፕላዩ ባዶውን ደህና ነበር፤ ሸክም ሲመጣ ነው ጉልበቱ የሚከዳው። አህያም ሳትጫን ስትሄድ ሁሏም ጎበዝ ናት።

ስለዚህ አለካኩን በደንብ ያዙ። ትልቁን ሶኬት ወደ ማዘርቦርዱ መልሱና ኮምፒውተሩን አስነሡ። ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣ፣ ምንም ያልተሰካበት ባለ አራት ቀዳዳ ነጭ ሶኬት ፈልጉ። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉት። ጥቁሩን ጫፍ ከጥቁሩ ሽቦ ቀዳዳ፣ ቀዩን ጫፍ ከቢጫው ቀዳዳ አስገቡ። ሁለቱ ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ተጠንቀቁ። ቢጫው በ11.4 እና በ12.6 መካከል መሆን አለበት። ቀዩ ሽቦ 5 ቮልት ነው፤ ከ4.75 እስከ 5.25 ይፈቀድለታል። ብርቱካናማው 3.3 ነው፤ እሱ ከትልቁ ሶኬት ጀርባ ነው የሚለካው። አሁን ከባድ ሥራ ስጡት፦ ቪዲዮ፣ ጌም፣ ያገኛችሁትን። ቁጥሩን ቢያንስ አሥር ደቂቃ ተመልከቱ። ትንሽ መውረድ ያለ ነው። ከ11.4 በታች ከወረደ ግን ሌላ ጥፋተኛ አትፈልጉ።

ርካሹ ቢጫ ዲጂታል ቴስተር ለዚህ ይበቃል። "የፓወር ሰፕላይ ቴስተር" ተብሎ የሚሸጠውን ትንሽ ሳጥን አልወደውም፤ ያለ በቂ ሸክም ስለሚለካ ያው የክሊፑን ውሸት በመብራት አሳምሮ ነው የሚነግራችሁ። ቴስተርም ቢሆን ሁሉን አያይም። የቮልቱን አማካይ እንጂ በፍጥነት የሚዋዥቀውን አያሳይም። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ከጓደኛ ደህና ፓወር ሰፕላይ ተውሳችሁ ቀይራችሁ ሞክሩ። እኔም በመጀመሪያው ቀን ይህን ባደርግ ኖሮ ማዘርቦርድ ባልገዛሁ።

በፓወር ሰፕላዩ ፋን ወንፊት በባትሪ አብርታችሁ ማየትም ይቻላል። ጭንቅላቱ ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያንጠባጠበ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም በርሜል መሰል ዕቃ) ካለ ዕድሜው አልቋል። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን ግን አትክፈቱት። ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ከተነቀለም በኋላ ሊቆይበት ይችላል። አቧራውን ከውጭ በብሎወር ንፉለት።

"ሲፒዩው ይነዝረኛል" የሚሉም አሉ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የፓወር ሰፕላዩ ብልሽት ሳይሆን የቤቱ መስመር ኧርዝ የሌለው መሆኑ ነው። መግቢያው ላይ ያለው ማጣሪያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያሳልፋል፤ ኧርዝ ካለ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ከሌለ በእናንተ ጣት በኩል መንገድ ይፈልጋል። ኤሌክትሪሻን ጥሩና ኧርዝ አስገቡ። የሚያስደነግጥ ንዝረት ከሆነ ግን አሁኑኑ ንቀሉት።

ሲገዙ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት እርሱት። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡና 12 ቮልት በሚለው ስር ያለውን አምፔር ፈልጉ። ዛሬ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት ከዚያ ነው። አምፔሩን በ12 አባዙት። ያቺ ጉልበቷ የከዳች የኔዋ ፓወር ሰፕላይ ግንባሯ ላይ 500 ዋት ይላል፤ ሠንጠረዡ ላይ 16 አምፔር። 16 በ12 ሲባዛ 192 ዋት። ድንቄም 500!

ለጽሕፈት ብቻ ለሚውል፣ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ኮምፒውተር እውነተኛ 300 ዋት ይተርፋል። ጂቲኤክስ 1650 ለመሰለ 75 ዋት ለሚበላ ካርድም አምራቹ የሚመክረው ይኸንኑ 300 ነው። አርቲኤክስ 3060 ግን ብቻውን 170 ይበላል፤ ለእሱ 550 ያዙ። "ብዙ ዋት መብራት ይበላል" የሚባለው ተረት ነው፤ ኮምፒውተሩ የጠየቀውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው።

80 ፕላስ የሚለው ምልክት የሚናገረው ስለ ብክነት ነው። ብሮንዝ የሚለው በ115 ቮልት ሲፈተን፣ በግማሽ ሸክም ላይ ከሳበው 85 ከመቶውን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል። ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን ተለጣፊ ወረቀት ማንም ያሳትማል። በእጃችሁ መዝኑት። ባዶ ጣሳ የሚያህል ከቀለለ መልሱት።

ኮምፒውተራችሁ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ክፈቱና ሶኬቱን ቁጠሩ። ብዙዎቹ ባለ 24 ፒኑን አይጠቀሙም። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 ባለ 8 ነው፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ባለ 6። ወይ የራሱን ዓይነት፣ ወይ ትክክለኛውን መቀየሪያ ገመድ ትፈልጋላችሁ። ገመዱ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ ደግሞ የሌላ ብራንድ ገመድ አትሰኩበት። ሶኬቱ ልክክ ይላል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ያቃጥላል።

ከሱቅ ሳትወጡ አሰክታችሁ አስለኩት። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ወረቀት ግድግዳው ላይ ያለው ለጌጥ አይደለም። የኔ ማዘርቦርድ እስካሁን መደርደሪያ ላይ አለ። ሶኬቱ 1150 የሆነ ፕሮሰሰር ያለው ሰው ካለ፣ ብቅ ይበል።