ዘይት የሚያጎድል አሮጌ ሞተር ሳይክል፦ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ከመፈታቱ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ ዘይት የሚያጎድል ሞተር ሳይክል ይዞ ጋራዥ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው ማሸጊያ ቀለበት) አልቋል» የሚለው ነው። ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የቫልቭ ጎሚኒ (በቫልቩ ግንድ ላይ ዘይት የሚያግድ ላስቲክ) በመቀየር ብቻ የሚስተካከለውን ሞተር እስከ ሲሊንደሩ መፍታት ከንቱ ወጪ ስለሆነ አስቀድሞ መለካት ይገባል።

ሞተሩን አሙቀው ካጠፉ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሞተር ሳይክሉ በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ እንደቆመም ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉ። 500 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ በዚያው አኳኋን ለክተው የጎደለውን ለመተካት የጨመሩትን መጠን ይመዝግቡ። አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ለሚይዝ ትንሽ ሞተር የ300 ሚሊ ሊትር ጉድለት ቀላል አይደለም። ከምልክቱ በላይ መሙላት ደግሞ ዘይቱን በመተንፈሻው ቱቦ ወደ አየር ማጣሪያው ስለሚገፋው የሌለ በሽታ ያስመስላል። ሞተሩን አጥበው ጥቂት ከነዱ በኋላ በጓርኒሲዮኖቹ (በሞተሩ ክፍሎች መካከል ያሉት ማሸጊያዎች) ዙሪያ ዘይት ከታየ ጉድለቱ ቢያንስ በከፊል የመፍሰስ ነው።

ውጭው ደረቅ ከሆነ ወደ ጭሱ ይለፉ፤ ለዚህ ከባሕር ዳሩ የቤዛዊት ኮረብታ የተሻለ መፈተኛ የለም። ነዳጅ ሳይሰጡ በማርሽ ሲወርዱ በመግቢያው በኩል የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ዘይቱን በቫልቩ ግንድ በኩል ስለሚስበው፣ ግርጌው ላይ ነዳጅ ሲሰጡ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ከወጣ ጥርጣሬው በቫልቭ ጎሚኒው ላይ ነው። ሽቅብ ሲወጡ ሳያቋርጥ የሚጨስ ከሆነ ግን ፋሻው ይጠረጠራል። ጭሱን ከኋላ የሚከተል ሰው ቢያይልዎ ይሻላል። በብርድ ጠዋት ታይቶ የሚጠፋው ነጭ እንፋሎት ከዘይት ጋር አይገናኝም።

በመጨረሻ ካንዴላውን (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ሰጪ) አውጥተው የኮምፕሬሽን (የሲሊንደር ውስጥ ግፊት) መለኪያ ይግጠሙ፤ የነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ከፍተው የመለኪያው መርፌ ከፍ ማለቱን እስኪያቆም ድረስ የሞተሩን ማስነሻ ይርገጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ መመሪያው 12 ባር የሚልለት ጤነኛ ሞተር እዚህ 9.6 አካባቢ ቢያነብ ሊያስደነግጥ አይገባም። ንባቡ ከዚህም ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ 5 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። በግልጽ ከፍ ካለ ያረጀው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቮቹን ወይም የቴስታውን ጓርኒሲዮን ይመርምሩ።

አዲስ ፋሻ ከመግዛትዎ በፊት ሲሊንደሩ ይለካ፤ ተበልቶ ሞላላ ከሆነ አዲሱ ፋሻ አይዘጋውም። የአየር ማጣሪያውንም ይፈትሹ፤ በተቀደደ ማጣሪያ የሚገባ የጠጠር መንገድ አቧራ አዲሱንም ፋሻ ፈጥኖ ይበላዋል።