ኦፕን ቢኤስዲን ለዕለት ተዕለት ሥራ በላፕቶፕ ላይ መጫን

ኦፕን ቢኤስዲ እ.ኤ.አ. በ1995 ኔት ቢኤስዲ ከሚባል ሌላ ስርዓተ ክወና ተነጥሎ የወጣና ለደኅንነት ቅድሚያ የሚሰጥ ስርዓተ ክወና ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥባቸው እንደ ደሴና ወልዲያ ባሉ ከተሞች ለሚኖር ተጠቃሚ ግን ትልቁ ጥቅሙ መመሪያው አብሮት መምጣቱ ይመስለኛል፤ «ማን» (man) የሚለውን ትእዛዝ ጽፈው ማወቅ የሚፈልጉትን ትእዛዝ ስም ሲያስከትሉ፣ ያለ ኢንተርኔት በጥንቃቄ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ይከፈታል።

ከደሴ ፒያሳ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዙ ከሆነ የኢንቴል ግራፊክስ ያለውን ይምረጡ፤ የኤንቪዲያ ግራፊክስ በዚህ ስርዓት ላይ በአግባቡ አይሠራም። ብሉቱዝም እ.ኤ.አ. በ2014 ስለተወገደ የጆሮ ማዳመጫዎ ባለ ገመድ መሆን አለበት።

ሲያወርዱ ስሙ በ«ኢንስቶል» የሚጀምረውንና በ«አይኤምጂ» የሚያበቃውን ሙሉ ፋይል ይውሰዱ፤ ከዚያ በኋላ ለመጫን ዳታ አያስፈልግዎትም። ፋይሉን በሊኑክስ «ዲዲ» (dd) በሚባለው ትእዛዝ፣ በዊንዶውስ ደግሞ ሩፈስ (Rufus) በሚባለው ፕሮግራም ወደ ፍላሽ ይጻፉት። ላፕቶፑን ከፍላሹ ሲያስነሱ የሚከፈተው የመጫኛ ፕሮግራም የሚያቀርባቸውን አብዛኞቹን ጥያቄዎች ኢንተር በመጫን ማለፍ ይቻላል፤ ሙሉውን ዲስክ መምረጥ ግን የነበረውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ፋይሎችዎን አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ብዙ ጀማሪ የሚቆመው የሚጫኑት የስርዓቱ ፋይሎች የት እንዳሉ ሲጠየቅ ነው፦ «ዲስክ» ብለው ፍላሹን ይምረጡ፤ ቀጥሎ የፋይሎቹን ትክክለኛነት የሚያሳየው ዲጂታል ፊርማ ሳይረጋገጥ ይቀጥል ወይ ሲባል «የስ» ብለው ይጻፉ፣ ምክንያቱም ኢንተር ብቻ ከተጫነ መልሱ «ኖ» ሆኖ ይወሰዳል።

ዋናው እንቅፋት ዋይፋይ ነው። የኢንቴል ዋይፋይ የሚያስፈልገው ፈርምዌር (መሣሪያውን የሚያሠራው ሶፍትዌር) በፈቃድ ምክንያት ከስርዓቱ ጋር ስለማይሰራጭ፣ ዋይፋዩን ለማስነሳት መጀመሪያ ሌላ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። አንድሮይድ ስልክዎን በገመድ ሰክተው የዩኤስቢ ማጋሪያውን ሲከፍቱ ስልኩ በአብዛኛው «ዩአርንዲስ ዜሮ» (urndis0) በሚል ስም ይታያል፤ በ«ኢቲሲ» (/etc) ማህደር ውስጥ «ሆስትኔም ነጥብ ዩአርንዲስ ዜሮ» (hostname.urndis0) የሚባል ፋይል ፈጥረው «አይኔት አውቶኮንፍ» (inet autoconf) ብለው ይጻፉበት፣ ኔትወርኩን የሚያስነሳውን «ኔትስታርት»ን (netstart) ያስኬዱ፣ ከዚያም ፈርምዌሩን በ«ኤፍደብሊው አፕዴት» (fw_update) ያውርዱ።

መብራት በድንገት ሲሄድ ያረጀ ባትሪ ማሽኑን ወዲያው ያጠፋዋል፤ የዚህ ስርዓት የፋይል አደረጃጀት የለውጥ መዝገብ ስለሌለው ሲነሳ ዲስኩን በሙሉ ይፈትሻል፣ አንዳንዴም በእጅ ማስተካከል ይጠይቃል። ስለዚህ ባትሪውን አስቀድመው ይቀይሩ፤ ኃይልን የሚቆጣጠረውን «ኤፒኤምዲ»ንም (apmd) ባትሪው ወደ 15 በመቶ ሲወርድ ማሽኑን እንዲያስተኛ ያዘጋጁት።

አማርኛ ለማንበብ «ኖቶ ፎንትስ» (noto-fonts) የሚባሉትን ፊደሎች ፕሮግራሞችን በሚጭነው «ፒኬጂ አድ» (pkg_add) ይጫኑ፤ የደኅንነት እርማቶችን ደግሞ «ሲስፓች» (syspatch) የሚባለው ትእዛዝ ያመጣል። አዲስ እትም በየስድስት ወሩ ስለሚወጣና አንዱ እትም እርማት የሚያገኘው ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ስለሆነ ስርዓቱን በ«ሲስአፕግሬድ» (sysupgrade) ወደ አዲስ እትም ማሳደግ ግድ ነው፤ ከመጀመርዎ በፊት ቻርጀሩ መሰካቱን፣ የዳታ ጥቅልዎም መብቃቱን ያረጋግጡ።