ፓይተን ሼል ላይ ከአንድ መስመር በላይ ስትጽፉ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

የእህቴ ልጅ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልማር ብሎ ክረምቱን እኛ ጋ፣ ጎንደር ማራኪ ነው ያሳለፈው። በሁለተኛው ቀን ጮክ ብሎ ጠራኝ። «ጋሼ፣ ሦስት ነጥብ ብቻ እየደረደረ አልመልስ አለኝ!» ላፕቶፑ የተበላሸ መስሎት ደንግጧል። ምንም አልሆነም፤ ቅንፍ ከፍቶ ሳይዘጋ ኢንተር መትቶ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፦ መስመሩ በምን እንደሚጀምር አለማየት። >>> ካያችሁ ሼሉ (ትእዛዝ ጽፋችሁ ወዲያው መልስ የምታገኙበት የፓይተን መስኮት) አዲስ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። ... ካያችሁ ደግሞ የጀመራችሁት ገና አላለቀም ማለቱ ነው። የከፈታችሁትን ቅንፍ ዝጉት። ግራ ከገባችሁ ኮንትሮልን (Ctrl) ይዛችሁ ሲን (C) ንኩ፣ የጀመራችሁትን ትቶ ወደ >>> ይመልሳችኋል። መስኮቱን ግን አትዝጉት፣ እስካሁን የሠራችሁት ተለዋዋጭ (ዋጋ የሰጣችሁት ስም) ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ብዙ ጀማሪ የሚያስለቅሰው ባዶ መስመር ነው። ፋይል ላይ ስትጽፉ ፋንክሽን (ስም ተሰጥቶት አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) መሀል ለዓይን እንዲያምር መስመር ብትዘሉ ችግር የለውም። ሼል ላይ ግን ባዶ መስመር «ጨርሻለሁ» ማለት ነው። ፋንክሽኑ እዚያው ይዘጋል፣ ቀጥሎ ገባ አድርጋችሁ የጻፋችሁት መስመር የኢንደንት ኤረር (መስመሩ ያለቦታው ገባ ብሏል የሚል ስህተት) ያመጣል፣ እናንተ ደግሞ ኮዱ ትክክል ስለሆነ ስህተቱን ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ትፈጃላችሁ። ተቃራኒውም አለ። ከፓይተን 3.13 በፊት ባሉት እትሞች የፎር ሉፑን (ሥራ የሚደጋግመውን ክፍል) ሳትዘጉ ወደ ግራ ተመልሳችሁ ፕሪንት (ውጤት የሚያሳየውን ትእዛዝ) ብትጽፉ ሲንታክስ ኤረር (የአጻጻፍ ስህተት) ነው። መጀመሪያ ባዶ ኢንተር፣ ከዚያ ፕሪንት።

ኢንደንትም ያታልላል። ... ራሱ ቦታ ስለሚይዝ መስመሩ ገባ ያለ ይመስላል፣ ግን አልገባም። ከሁለት ነጥቡ (:) ቀጥሎ ባለው መስመር ሼሉ ራሱ ካላስገባላችሁ አራት ስፔስ እናንተው ጨምሩ። አንዱን መስመር በታብ፣ ሌላውን በስፔስ አትጀምሩ።

ከትምህርት ገጽ ኮድ ስትገለብጡ >>> እና ... ምልክቶቹን አብራችሁ አታምጡ። ኮድ አይደሉም።

እትማችሁንም እዩ። በጥቅምት 2024 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው 3.13 ሼሉን በጣም አሻሽሎታል። ወደ ላይ ቀስቱን ስትነኩ ሙሉውን ብሎክ (አብረው የተጻፉትን መስመሮች) ያመጣላችኋል፣ አንድ ቦታ አርማችሁ እንደገና ማስኬድ ትችላላችሁ። በድሮዎቹ እየጎተታችሁ የምታመጡት አንድ አንድ መስመር ነበር። ረጅም ኮድ ፔስት ለማድረግ ኤፍ 3ን ንኩ፣ ስትጨርሱም እሱኑ ድገሙት።

የመጨረሻው ከልቤ የምለምናችሁ ነው። ሃያ መስመር ሼል ላይ አትጻፉ። መብራት ሄዶ ባትሪውም ካለቀ ተመልሶ የሚከፈት ፋይል የላችሁም። ከአምስት ስድስት መስመር ካለፈ ወደ ፋይል ውሰዱት። የእህቴ ልጅ አሁን ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ይከፍታል፦ በግራ ፋይሉን ይጽፋል፣ የተጠራጠራትን ሦስት መስመር ብቻ በቀኝ ሼሉ ላይ ይሞክራታል።